ተማሪዎቻችን ከካርድ ክፍሉ መስኮት አይመለሱ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በምዕራብ ጎጃም በአንድ ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና የወሊድ መቆጣጠሪያ ነገር በተነሳ ቁጥር «ግንዛቤ የላቸውም» ሲባል እሰማለሁ። እኔ የማገኛቸው ልጆች ግን መርፌውን፣ ክኒኑን፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውን፣ ፖስት ፒሉን ሁሉ በስም ያውቃሉ። የሚቸገሩት እኛ ዘንድ መጥተው አገልግሎቱን ማግኘቱ ላይ ነው።

ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ የመጡ ናቸው። ለሁለት ለሦስት ሆነው ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ለሳምንቱ የሚሆን ስንቅ ከቤት ያመጣሉ። በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከወላጅ ዓይን ርቀው ራሳቸውን ያስተዳድራሉ። ከእነዚህ አንዷ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ በገበያ ቀን ትመጣለች። ወረፋው ላይ የአገሯ ሰው፣ የአክስቷ ጎረቤት ተቀምጣለች። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ በመስኮት «ለምንድን ነው የመጣሽው?» ይላታል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ራሴን አሞኝ ነው» ትላለች። ተመላላሽ ክፍል ገብታ የራስ ምታት ክኒን ታዞላት ትሄዳለች። እኔ ክፍል ሳትደርስ።

ከዚያ በኋላ ያለው መድኃኒት ቤት ነው። ፖስት ፒል ገዝታ፣ አንድም ማብራሪያ ሳይነገራት ትወጣለች። ይህ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ያለ መከላከያ ከተደረገ ግንኙነት በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ያውም በቶሎ በተዋጠ መጠን ነው የሚሠራው፤ አንዴ የተያዘን እርግዝና አያቋርጥም። ሳምንት ካለፈ በኋላ ውጣው እፎይ ያለች ልጅ አጋጥማኛለች። እንደ መደበኛ መከላከያ በየሳምንቱ የምትውጠውም አለች። የወር አበባ ሲቀር ደግሞ ነገሩ ወደ ድብቅ ማስወረድ ይሄዳል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ለተደፈረችም ሆነ ዕድሜዋ ላልደረሰ ልጅ በጤና ተቋም በር ከፍቶ ሳለ ወደ መንደር አዋቂ የምትሄድ ተማሪ ያንገበግበኛል።

ትምህርት ቤት ስንጋበዝ ስም ሳይጽፉ ጥያቄ በወረቀት እንዲያቀብሉን እናደርጋለን። ከሁሉ የሚበዛው «መካን ያደርጋል ወይ?» የሚል ነው። ወሬው ከምንም አልተነሳም። በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን መርፌ ያቆመች ሴት እስክታረግዝ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ገደማ ሊወስድባት ይችላል፤ ጎረቤት ይህን አይቶ «መከነች» ይላል። ግን ትወልዳለች። ለሦስት ዓመት ክንድ ላይ የሚቀበረው ደግሞ እንደወጣ ወዲያው ማርገዝ ይቻላል። የወር አበባ መዛባት እውነት ነው፤ ሊነገራቸውም ይገባል። እኛ ስንደብቀው ነው ወሬው የሚያይለው።

የሚገርመኝ የእናቶቹ ነገር ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ካሉ ባለትዳር ሴቶች ከመቶ 47 ያህሉ ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። መርፌውን ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሳትሸማቀቅ የምትወስደው እናት የልጇን ካርድ ብታይ አገር ይያዝልኝ ትላለች። ስጋቷ ይገባኛል፤ እኔም እናት ነኝ፣ ልጆቼ እስከ ቃል ኪዳን ድረስ እንዲታገሡ እመክራለሁ። ቢሆንም ያልታገሠችውን ልጅ ከትምህርቷ ማስቀረት ለማንም ክብር አይሆንም። ሕጉ ጋብቻን ከ18 ዓመት በታች ቢከለክልም በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል የተዳሩ ልጆች እንዳሉም እናውቃለን፤ ትምህርት ቤቶች በጸጥታው ችግር ሲዘጉ ደግሞ ልጅን ቤት ከማስቀመጥ መዳር የሚቀላቸው ወላጆች አሉ። ገና አጥንቷ ያልጠና ልጅ ለቀናት የምታምጠውን ምጥ፣ ከዚያም የሚመጣውን ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣ ፌስቱላ ጎጃም በደንብ ያውቀዋል።

ወንዶቹ ተማሪዎች ጉዳዩን የሴት ጣጣ አድርገው ይተዉታል። ትምህርት ስንሰጥ ከኋላ ተቀምጠው ይሳሳቃሉ። እነሱም እኩል ሊማሩ ይገባል፤ እርግዝናንም ኤች አይ ቪንም አብሮ የሚከላከለው ኮንዶም በእነሱ እጅ ያለ ነገር ነው።

ልመናዬ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችና ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች ነው። የአገሪቱ የቤተሰብ ምጣኔ መመሪያ ያላገባን ሰው አይከለክልም፤ «ባል አለሽ?» እያልን የምንከለክለው እኛ ነን። ገበያ በማይውልበት አንድ ቀን፣ ከሰዓት ፈረቃው ሲለቀቅ፣ ለተማሪዎች ብቻ የሚሆን ሰዓት ይመደብ። ካርዱ በመስኮት ሳይሆን በእኛው ክፍል ውስጥ ይውጣ። አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ ማኅተምና አንድ መዝገብ ይበቃል። እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ያን ሰዓት ለመሸፈን ፈቃደኞች ነን፤ ለኃላፊዎቻችንም በቃል ነግረናል፣ መልሱን እየጠበቅን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ከምዕራብ ጎጃም