«ከምርጫ በኋላ» የሚባለው ቀጠሮ

ክቡር አዘጋጅ፣

ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ እየቀረበ በመጣበት በዚህ ወቅት ጋዜጣችሁ ስለ ፓርቲዎች፣ ስለ ዕጩዎችና ስለ ጸጥታ ደጋግሞ መጻፉ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር በየግል ድርጅቱ ሠራተኛው ላይ ስለሚደርሰው ግን አንድም ጽሑፍ ስላላየሁ ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። በአንድ አስመጪ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ካገለገልሁ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል።

ስድስተኛው ምርጫ ነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. እንዲካሄድ ቀን ተቆርጦለት ሳለ የዓመት ፈቃዴን ብጠይቅ፣ ሥራ አስኪያጃችን «ከምርጫ በኋላ ትወስጃለሽ» አሉኝ። ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም ፈቃዴም አብሮ ተራዘመ። አዲሱ ቀን ግንቦት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው ሲባል ለወሩ ማለቂያ ቅጽ ሞላሁ፤ ቀኑ ወደ ሰኔ 14 ሲገፋ ቅጹ ተመለሰልኝ። የጅግጅጋው ቅርንጫፍ ባልደረባችን ደግሞ በሶማሌ ክልል ድምፅ የተሰጠው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ስለነበር ከእኔም ሦስት ወር አብልጦ ጠበቀ። ምርጫ ቦርድ ቀን የሚያሸጋሽግበት የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፤ የእኔን ፈቃድ ከኮሮጆ ጋር ምን እንዳገናኘው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የአሠሪዎች ስጋት ከንቱ ነው አልልም። ሥራ አስኪያጃችን በግንቦት 1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግስት በመዲናዋ ሱቆች ሲዘጉና የሞባይል አጭር መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ሲቋረጥ ያዩ ነጋዴ ናቸው። «ምርጫው ይራዘማል» የሚል ጭምጭምታ በተሰማ ቁጥር ደንበኛ ትእዛዙን እንደሚያዘገይ እኔም ከምይዘው መዝገብ አየዋለሁ። የሚያስከፋኝ ይህ የአገር ስጋት ተጠቅልሎ ሠራተኛው ጫንቃ ላይ ብቻ መውደቁ ነው። ዕድገት ይቆማል፣ አዲስ የሚቀጠሩት ሦስት ወር በሦስት ወር የሚታደስ ውል ይፈርማሉ፣ ቁጥጥሩ ግን ይጠብቃል። የጣት አሻራ በቀን አራት ጊዜ ይሰጣል፤ ከጠረጴዛ የተነሣ ሰው የት እንደሄደ በቴሌግራም ማሳወቅ አለበት፤ ሁለት ሰው ቡና ይዞ ከቆመ «ፖለቲካ ነው የምታወሩት?» ይባላል።

በ2013 ዓ.ም. ከሆነው ሁሉ እኔንም ያሳፈረኝ አንድ ነገር አለ። የምርጫ ካርድ ያወጣና ያላወጣ ሠራተኛ ተለይቶ እንዲቀርብ ታዘዘና ዝርዝሩን የመሙላቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ወረቀቱ ስም፣ ወረዳ፣ የካርድ ቁጥርና ፊርማ የሚሉ ረድፎች ነበሩት። አንዲት በዕድሜ የገፉ የጽዳት ሠራተኛ ካርዳቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው አውጥተው ሰጡኝና «ልጄ፣ የምመርጠውንም እዚሁ ነው የምትጽፊው?» ብለው ጠየቁኝ። «የለም እማማ፣ እሱ ምስጢር ነው» አልኋቸው። ሴትዮዋ ግን ወረቀቱን እንጂ እኔን አላዩም። የካርዳቸውን ቁጥር ጻፍሁ፣ አስፈረምኋቸው፣ ዝርዝሩን ለአለቃዬ አስረከብሁ። ለምን እንደተፈለገ አልጠየቅሁም።

ሕጉን ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ድምፅ በምስጢር እንደሚሰጥ ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፖለቲካ አመለካከት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል፤ ውል ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግባቸውንም ሁኔታዎች በአንቀጽ 10 ዘርዝሯቸዋል፤ ምርጫ እስኪያልፍ መጠበቅ ከእነዚያ ውስጥ የለም። የሥራው ሁኔታ ካስገደደ አሠሪው የዓመት ፈቃድን ማስተላለፍ እንደሚችል፣ ከሁለት ዓመት በላይ ግን እንደማይችል ተጽፏል። የእኔ ሁለት ዓመት ስላልሞላው በዚህ ልከስ አልችልም፤ ሆኖም ቀን የሌለው «በኋላ» የሥራ ሁኔታ ተብሎ መቆጠሩ ሊጠየቅ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርንና የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንን በግልጽ እንዲጠይቅልን እለምናለሁ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች በምርጫ ሰሞን ወደ ግል ድርጅቶች ገብተው የውልና የፈቃድ መዝገቦችን ያያሉን? የምርጫ ካርዱ ቁጥር በአሠሪው ወረቀት ላይ እንዲሰፍር የተደረገ ሠራተኛስ አቤቱታውን ለማን ያቅርብ? እኛ ዘንድ የሠራተኛ ማኅበር ስለሌለ የሚጠይቅልን የለም።

በዚህ ዓመትም የፈቃድ ቅጽ አስገብቻለሁ። በሦስተኛው ቀን «ከምርጫ በኋላ ይታይ» ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበት ተመለሰ። ከሥሩ «ቀኑ ቢገለጽልኝ» ብዬ ጽፌ መልሼ አስገባሁት። ቅጹ እስካሁን አልወጣም።

ስሜ እንዳይገለጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ