የሰው ፖስታ ፎቶ አትለጥፉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት በፌስቡክ ገጻችሁ ላይ የአንድ ፖስታ ፎቶ አየሁ። «የዚህን ፖስታ ባለቤት የምታውቁ አገናኙን» ይላል። ሙሉ ስሙ፣ የሕንፃው ቁጥር፣ የአፓርትመንቱ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ላኪው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት መሆኑም ጥግ ላይ ተጽፏል። ከሥሩ ያለው አስተያየት ደግሞ ምርቃት ብቻ ነው፤ «ተባረኩ»፣ «ሼር አድርጉት»።

ቅንነቱ ገብቶኛል። ግን ያ ሰው ጥገኝነት ጠይቆ ለዘመድ እንኳ ሳይተነፍስ የተቀመጠ ቢሆንስ? ይኸው አገር አወቀለት።

ለመፍረድ አይደለም፤ እኛ ቤት የባሰ ተሠርቷል። ሲልቨር ስፕሪንግ አፓርትመንት የገባን ሰሞን ከእኛ በፊት በነበረው ተከራይ ስም ፖስታ ይመጣ ነበር። እናቴ የሐበሻ ስም ስታይ አላስችላት አለ። «ምስኪን፣ ወረቀቱ ይሆናል። ስልኩ ካለበት እንደውልለት» ብላ በቢላ ጫፍ ከፈተችው። የአሻራ ቀጠሮ ነው። ስልክ የለበትም። ለቀጠሮው የቀረው 9 ቀን ብቻ ነው። እሷ ወረቀቱን፣ እኔ የተቀደደውን ፖስታ ይዘን ተፋጠጥን።

አሜሪካ ውስጥ የሰው ፖስታ ነገር የፌዴራል ጉዳይ ነው። የፌዴራሉ ሕግ ርዕስ 18፣ ክፍል 1702 እንዲህ ይላል፦ ደብዳቤ ባለቤቱ እጅ ሳይገባ፣ ምሥጢሩን ለማየት ወይም እንዳይደርሰው ለማድረግ የወሰደ ሰው እስከ 5 ዓመት ሊታሰር ይችላል። መክፈት፣ መደበቅና ማጥፋትም እዚያው ተጠቅሰዋል። ስሙን ሳያዩ በስህተት መክፈት ሌላ ነገር ነው። እናቴ ግን ስሙን ጮክ ብላ አንብባ ነው የከፈተችው።

አገር ቤትም ቢሆን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የፖስታ ደብዳቤን ጠቅሶ ይጠብቃል። ግን እዚያ ደብዳቤ የሚመጣው በመሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር። ከሣጥኑ እስከ ቤት ያለው መንገድ በሰው እጅ ነው፤ «እስቲ ይሄን ለእሷ አድርስልኝ» እየተባለ። ያው ልማድ ተከትሎን መጣ።

ከዚያ ወዲህ ፖስተኛችን እንዳሳየኝ ነው የማደርገው። ፖስታው ላይ በእንግሊዝኛ «በዚህ አድራሻ የለም» ብዬ እጽፋለሁ። ስሙንና አድራሻውን አልነካም። ከታች ያለችውን ባርኮድ ግን በእስክሪብቶ እሰርዛታለሁ፤ ማሽኑ የሚያነበው እሷን ስለሆነ ካልተሰረዘች ፖስታው ዞሮ እኔው ጋ ይመጣል። ከዚያ ለፖስተኛው መስጠት ወይም ሰማያዊው የፖስታ ቤት ሣጥን ውስጥ መክተት ነው። የጎረቤት ፖስታ ተሳስቶ ሲመጣ አንኳኩቶ መስጠቱን እንኳ እናውቅበታለን።

የዚያን ቀኑን በፕላስተር አሽጌ «በስህተት የተከፈተ» ብዬ መለስኩት። «በስህተት» ማለቴ ትንሽ ውሸት አለበት።

«ቢመለስ ይጎዳዋል» የሚሉ አሉ። የሚጎዳው መሳቢያ ውስጥ ሲከርም ነው፤ ላኪው ደረሰ ብሎ ይቀመጣል። ከተመለሰ ግን አለመድረሱን ያውቃል። ኢሚግሬሽን የተመለሰለትን የሥራ ፈቃድ ወይም ግሪን ካርድ የሚያስወግደው ባለቤቱ በ60 የሥራ ቀናት ውስጥ አዲስ አድራሻውን ካላሳወቀ ነው። ቤት የቀየረ ሰው ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ለራሱ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት፤ ለፖስታ ቤት ብቻ መንገር አይበቃም። ቤዝመንት ያከራያችሁም የተከራዩን ስም ሣጥኑ ላይ ለጥፉለት። ፖስተኛው ስሙን ካላየ ይዞት ሊመለስ ይችላል።

እባካችሁ ያንን ፎቶ ዛሬውኑ አውርዱት። ፖስታው አሁንም ፎቶውን የላከላችሁ ሰው እጅ ካለ፣ ነገ ፖስተኛው ሲመጣ እንዲሰጠው ንገሩልኝ።

አንባቢያችሁ፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ