ቤት ገዢም የራሱ ሰው ይኑረው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በከተማችን በደብረ ብርሃን ስለ ቤት ግዢ በተወራ ቁጥር የሚነሣው የዋጋው መናር ብቻ ነው። ገዢው በድርድሩ ውስጥ ለእርሱ ብቻ የቆመ ሰው የሌለው መሆኑን ሲያነሣ ግን የሰማሁት የለም፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም ይኸው ነው።

አምና በክረምቱ መግቢያ እኔና ባለቤቴ የሃያ ሁለት ዓመት የደመወዝ ቁጠባችንን ይዘን በጠባሴ በኩል ቤት መፈለግ ጀመርን። ያገኘነው ደላላ ትሑትና ታታሪ ሰው ነበር፤ በደወልን ቁጥር ይመጣል፣ በዝናብ ጭቃውን እያቋረጠ ያዞረናል፣ ሻይ ስንጠጣም እንደ ቤተሰብ ያጫውተናል። እኛም እንደ ዘመድ ቆጥረነው ቢበዛ እስከ ስንት ብር መድረስ እንደምንችል፣ የተከራየንበትንም ቤት በመስከረም መልቀቅ እንዳለብን ሳንደብቅ ነገርነው። ሻጩ ከጠሩት ዋጋ አንድ ብር ሳይቀንሱ ቀሩ። ውል ልንፈራረም ተራ ስንጠብቅ ግን ከጎኔ የተቀመጡት የሻጩ ባለቤት፣ እናት የሚሆኑኝ ሴት፣ በቅንነት «ልጄ፣ እኛስ ትንሽ ልንቀንስላችሁ አስበን ነበር፤ ገንዘቡ በእጃቸው ነው፣ ደግሞም ቸኩለዋል ስላለን ነው ዝም ያልነው» አሉኝ።

ደላላው አልዋሸም። የነገርነውን ለማንም እንዳይናገር ያሰረው ውልም ሆነ ደንብ አልነበረም። በልማዱ መሠረት ከሻጩም ሁለት በመቶ፣ ከእኛም ሁለት በመቶ ተቀበለ፤ ሥራው ሁለቱን ወገን ማገናኘት ነበርና አገናኘ። ለሁለት ጌቶች መገዛት የሚቻለው ማንም የለም የሚለውን ቃል ሁላችንም በቤተ ክርስቲያን ስንሰማው ኖረናል፤ የዕድሜ ልክ ጥሪታችንን የምናፈስበት ግዢ ላይ ስንደርስ ግን አንዱን ሰው ለሁለት ጌታ አሰማርተን «የእኔ ደላላ» እንላለን።

የባሰው በኋላ መጣ። ካርታው ላይ 250 ካሬ ሜትር ተብሎ የተጻፈው ግቢ፣ ሰርቪስ ቤት ልንሠራ ስናስለካው 231 ሆኖ ተገኘ፤ የኋላው የድንጋይ አጥር ወደ እኛ ገብቶ ተሠርቷል። ቤቱን ሦስት ጊዜ ሄደን አይተነዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ ደላላው የኋላውን ወሰን ያሳየን በረንዳው ላይ ቆሞ በጣቱ እየጠቆመ ነበር። ሜትር ይዞ ወደ ጓሮ መዝለቅ የማን ድርሻ እንደነበር ያኔ ጠይቆኝ የሚያውቅ ቢኖር ኖሮ መልስ አልነበረኝም።

በሌላው ዓለም ይህን ድርሻ የሚወጣ ባለሙያ አለ፤ የገዢ ወኪል ይባላል። አሜሪካኖች ራሳቸው ወደዚህ የደረሱት እንደኛው ተቸግረው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1980ዎቹ ድረስ እዚያም ገዢውን ይዞ ቤት ለቤት የሚያዞረው ሰው በሕግ ፊት የሻጩ ወገን ነበር፤ ብዙ ገዢዎች ግን የራሳቸው ሰው ይመስላቸው ነበር። ለገዢ ብቻ የሚቆም ወኪል እየተለመደ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአገሪቱ ትልቁ የቤት ሽያጭ ባለሙያዎች ማኅበርም በክፍያው አሠራር ተከሶ 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ከተስማማ በኋላ፣ ከነሐሴ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በማኅበሩ ሥርዓት የሚሠራ የገዢ ወኪል ከገዢው ጋር ቤት ለማየት ከመሄዱ በፊት የጽሑፍ ስምምነት መፈረም ግዴታው ሆኗል። በስምምነቱ ላይ ወኪሉ የሚያገኘው ክፍያ ተለይቶ ይጻፋል፤ ክፍያው በድርድር የሚወሰን መሆኑም ይገለጻል።

የእኛ አገር ሁኔታ የተለየ መሆኑን አልዘነጋሁም። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የምንገዛው ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ስለዚህ የገዢ ወኪል እዚህ ቢኖር ሥራው ከአሜሪካው ይልቅ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ካርታው ከማዘጋጃ ቤቱ ማኅደር ጋር መመሳሰሉን፣ በባንክ መያዣ ወይም በፍርድ ቤት እገዳ አለመያዙን፣ ቦታው በሊዝ የተገኘ ከሆነ ስንት ቀሪ ክፍያ እንዳለበት ማጣራት አለበት። የሻጩ የትዳር ጓደኛ ፈቃድ መኖሩን፣ ቤቱ የውርስ ከሆነም ወራሾቹ ሁሉ መስማማታቸውን ማረጋገጥ አለበት፤ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሚኖር አንድ ወንድም ሳያውቅ የተሸጠ ቤት ስንት ቤተሰብ እንዳፋጀ በሰሜን ሸዋ ከተሞች ያደገ ሰው ያውቀዋል። ከከተማው ዳር ያለ ቦታ ሲሆን ደግሞ የቀረበው ወረቀት በእርግጥ የከተማ ይዞታ ነው ወይስ ከአርሶ አደር በእጅ የተገዛ መሬት ነው የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይቀድማል። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ይህ ሁሉ ማለቅ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል።

ለዚህ አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2209 ወኪል የወካዩን ጥቅም ብቻ መጠበቅ እንዳለበት፣ ወካዩ ሳያውቅም ከሚሠራለት ጉዳይ ጥቅም ማግኘት እንደማይችል ይደነግጋል። እንግዲህ የጎደለን ልማዱ ነው። አንድ ገዢ ከሚያምነው ሰው ጋር «ስለ እኔ አቅም የነገርኩህን ለሻጭ አትነግርም፤ ከሻጭ ምንም አትቀበልም፤ እነዚህን ነገሮች አጣርተህ በጽሑፍ ታሳውቀኛለህ» ብሎ በአንድ ገጽ ቢፈራረም ብዙ ነገር ይስተካከላል። ይህ ስምምነት ግን ከፊርማ ውክልና ጋር እንዳይምታታ አደራ እላለሁ። ርቀው የሚኖሩ ወገኖቻችን «አንተው ጨርስልኝ» ብለው ሙሉ ውክልና ለአገናኙ ሰው ሲሰጡ አይቻለሁ፤ የሚመክርና የሚያጣራ ሰው ሌላ፣ በስማችን የሚፈርም ሰው ሌላ መሆን አለበት።

ክፍያውንም በተመለከተ የራሴ አስተያየት አለኝ። በመቶኛ የሚከፈለው ሰው ዋጋው በወረደ ቁጥር ድርሻው ይወርዳል፤ ስለዚህ ዋጋ እንዲቀንስልን የምንልከው ሰው ቁርጥ ያለ ገንዘብ ቢከፈለው፣ ግዢው ቢቀርም ላጣራበት ድካም የሚያገኘው ነገር ቢኖር ይሻላል። «ይህን ቤት አትግዙ» ለማለት የሚደፍረው እንዲህ የተከፈለው ሰው ነው። ተጨማሪ ወጪ ነው የሚሉኝ ይኖራሉ፤ እኛ ያጣነው 19 ካሬ ሜትር ቦታ ግን ለአንድ ጠንቃቃ ሰው የሁለት ቀን ሥራ ከሚከፈለው እጅግ የሚበልጥ ነው።

ደላሎቻችንን ለመውቀስ አልጻፍኩም። ብርዱንና ነፋሱን ችለው ቀኑን ሙሉ የሚዞሩ፣ ብዙ ሰው ቤት ያገኘባቸው ናቸው፤ ከመካከላቸውም ለገዢ ብቻ ለመቆም የሚበቁ እንዳሉ አልጠራጠርም። የከተማው አስተዳደር እንዲህ ያሉትን መዝግቦ፣ የካርታና የእገዳ ማጣራት አሠራሩን ቢያስተምራቸው ለእነርሱም እንጀራ ይሆናቸዋል።

እኛ የአጥሩን ጉዳይ ከጎረቤታችን ጋር በሽማግሌ ይዘነዋል፤ እርሳቸውም ቦታውን ሲገዙ ያልተለካላቸው ሰው ሆነው ተገኝተዋል። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ያሉ የሕግ ባለሙያዎች ማንኛውም ገዢ ሊጠቀምበት የሚችል የገዢ ወኪል ስምምነት ናሙና በቀላል አማርኛ አዘጋጅተው በዚህ ጋዜጣ እንዲያወጡልን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን