የምስጋና መልእክት፦ ሱቁን ለከፈታችሁልን ሁሉ

የተከበራችሁ ዘመዶች፣ ወዳጆችና ጎረቤቶች፣

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የጠረጴዛና የካርድ ጨዋታ ሱቃችን ተከፍቷል። ከኪራይ ውሉ አንስቶ እስከ መክፈቻው ቅዳሜ የነበረውን መጓተት አብራችሁን ስላያችሁት አንደግመውም፤ ያልሰማ ካለም ከአንዳችሁ መስማቱ አይቀርም። ይህን የምንጽፈው ለማመስገን ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱን።

ጋሼን እናስቀድም። ስሜ እንዳይጻፍ ብለው አደራ ስላሉን አንጽፍም፤ በመክፈቻው ዕለት እርሳስ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ያያችኋቸው ሰው እሳቸው ናቸው።

ጋሼ መጋዝ ከማንሳታቸው በፊት የጠየቁን አንድ የካርድ ምንጣፍ (ተጫዋች ካርዱን የሚደረድርበት) ነው። ምንጣፉ 24 ኢንች ይረዝማል፣ 14 ኢንች ይሰፋል። ሁለት ተጫዋቾች ፊት ለፊት ሲቀመጡ የሁለቱ ምንጣፍ 28 ኢንች ይወስዳል ማለት ነው። በርካሽ የሚገኘው ባለ 24 ኢንቹ ተጣጣፊ ጠረጴዛ እዚህ ላይ አይሆንም፤ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ይታጠፍና ካርዱ ጭን ላይ ይወርዳል። 30 ኢንች ሲሆን ግን 2 ኢንች ይተርፋል። ርዝመቱን 72 ሲያደርጉት በአንድ ወገን 3 ሰው፣ በጠቅላላው 6 ሰው ሳይገፋፋ ይቀመጣል። እግሮቹን ወደ ሁለቱ ጫፍ ያወጡት መሃል የሚቀመጠው ሰው ጉልበቱን እንዳይመታ ነው።

ኮምፖርሳቶውን እንዴት እንደቆረጡት እንጨት የሚያውቅ ሰው ቢያይ ይገረማል። አንዱ 48 በ96 ኢንች ነው። ከስፋቱ 30ው የጠረጴዛው ገጽ ሆነ፣ 12ቱ መደርደሪያ ሆነ። ከቀረው 6 ኢንች፣ መጋዙ በየቁርጡ የሚበላው ተቀንሶ፣ ሁለት ቀጫጭን ቁራጭ ወጣና ከገጹ ሥር ቁመቱን ይዞ የሚሄድ መደገፊያ ሆነ። ሦስት ሩብ ኢንች ውፍረት ብቻ ያለው ኮምፖርሳቶ በ72 ኢንች ርዝመት ያለ ድጋፍ ከተጋደመ ውሎ አድሮ መሃሉ ይጎብጣል። ከርዝመቱ የተረፈው ቁራጭ እንኳ አልተጣለም፤ የባንኮኒው መሳቢያ ሆኗል።

መደርደሪያው 12 ኢንች የሆነውም በአጋጣሚ አይደለም። እንደ ቲኬት ቱ ራይድ ያሉ የጠረጴዛ ጨዋታዎች ትልልቅ ካሬ ሳጥኖች ጎናቸው ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ የጠበበ መደርደሪያ ላይ ሳጥኑ ወደ ፊት ወጥቶ የአላፊ አግዳሚው ትከሻ ይመታዋል። ባለ 96 ኢንቹን ቁራጭ ሦስት ቦታ በ32 ኢንች የከፈሉት ክብደቱን አስበው ነው። ግሉምሄቨን የሚባለው ጨዋታ ለብቻው ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል።

ቨርኒሹን ደግሞ ታስታውሳላችሁ። በዘይት የሚሠራው ቨርኒሽ በ24 ሰዓት ለእጅ ይደርቃል እንጂ እስኪጠነክር ወደ 30 ቀን ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ሥሩ ጎማ የሆነ ምንጣፍ ከተነጠፈበት ይጣበቃል፣ ሲነሳም ቅርጹን ትቶ ይነሳል። እኛ ቀኑ ደረሰ እያልን ስንጨቀጭቃቸው «የእናንተ ቀን ደርሶ ይሆናል፣ የቨርኒሹ አልደረሰም» ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ዓይነቱንም የሚያብለጨልጨውን ትተው ደብዛዛውን መረጡ፤ የጣሪያው መብራት ከጠረጴዛውም ካርዱ ከሚገባበት ፕላስቲክም ካንጸባረቀ የካርዱ ጽሑፍ አይነበብም።

ጋሼ፣ የእጅዎን ዋጋ ስንጠይቅዎ የእንጨቱን ደረሰኝ ብቻ አቀበሉን። ምን እንበልዎ? ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

በሩ አጠገብ ያለውን ገበጣም የጠረቡት እሳቸው ናቸው። በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48። ጉድጓዶቹን እጃችሁን ከታችሁ እዩዋቸው። ታቹ ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ ሲኒ የጎደጎደ ነው፤ ጠፍጣፋ ቢሆን ጠጠሩ ጥግ ይገባና በሦስት ጣት ጠራርጎ ማንሳት ያስቸግራል፣ ጨዋታውም ይንቀራፈፋል። አጠገቡ ያለው ዳማም በቆርኪ ነው። ቆርኪ ያጠራቀማችሁ ወጣቶች፣ እናንተንም እናመሰግናለን፤ ግማሹን ፊቱን ግማሹን ጀርባውን ስለገለበጣችሁት ቀለም መግዛት አላስፈለገንም።

የወለሉን ፕላን የሳለችልን እህታችን፣ አንቺን ካላመሰገንን ሱቁን ያስከፈተን ማን ነው ሊባል ነው? የመጫወቻ ቦታና የመሸጫ ቦታ ስንት ሰው እንደሚይዙ በአንድ ሂሳብ እንደማይሰላ ያስረዳሽን አንቺ ነሽ። ጠረጴዛና ወንበር ላለበት ቦታ ለአንድ ሰው 15 ካሬ ጫማ ይያዛል፣ ለመሸጫው 60። ስለዚህ 600 ካሬ ጫማው የመጫወቻ ክፍል 40 ሰው፣ 480ው የመሸጫ ክፍል 8 ሰው፣ ድምሩ 48። (የገበጣው ጠጠርም 48 መሆኑን ያስተዋለው አንድ ልጅ ነው፤ ጎበዝ።) 50 ከደረሰ ነገሩ ይለወጣል፤ ሁለተኛ መውጫ ይጠየቃል፣ በሮቹም ወደ ውጭ የሚከፈቱ መሆን አለባቸው። ግድግዳ ሰብሮ በር ማውጣት በኪራይ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ለዚህ ነው ስድስቱ ረጃጅም ጠረጴዛዎች 36 ሰው፣ መሃል ያለው ካሬ ጠረጴዛ 4 ሰው ይዘው 40 ላይ የቆሙት። ወንበር ጨምሩ ያላችሁን ሰዎች ቅር አይበላችሁ። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጡ እንግዶች በየመተላለፊያው 36 ኢንች ያስለቀቀችንም ይህችው እህታችን ናት፤ ዕቃ ሲበዛ መጀመሪያ የሚዘጋው መተላለፊያው ስለሆነ ወለሉ ላይ ቴፕ ለጥፋበታለች።

ካርዱን የሚያውቀው ወንድማችን፣ ከሥራ መልስ እየመጣህ ባንኮኒው ጀርባ የቆምከው፣ ውለታህ ብዙ ነው። አከፋፋዮች የሽያጭ ታክስ ፈቃድን ብቻ አይተው ደንበኛ አያደርጉም፤ የሱቁን ፊትና የውስጡን ፎቶ፣ የኪራይ ውሉንም የሚጠይቁ አሉ፤ ቤቱ ሆኖ በኦንላይን ብቻ ለሚሸጥ ሰው ብዙዎቹ አያቀርቡለትም። ደንበኛ ከሆንን በኋላም ተፈላጊው አዲስ ዕቃ የሚከፋፈለው ቀድሞ በተገዛው መጠን ስለሆነ አዲስ ሱቅ የሚደርሰው ጥቂት ሳጥን ነው። ይህን አውቀህ ገንዘቡን አንድ አዲስ ካርድ ላይ እንዳናፈስ ያዝከን፤ በምትኩ የካርድ ፕላስቲክ፣ የካርድ ሳጥንና ዳይስ አስመጣህ። ፕላስቲኩንም በሁለት መጠን አድርገህ ነው። የካርድ ጨዋታዎቹ መጠን ይለያያል፦ የማጂክና የፖኬሞን ካርድ 63 በ88 ሚሊ ሜትር ነው፣ የዩጊዮ ግን 59 በ86። ለዩጊዮ የተሠራው ፕላስቲክ ማጂክን አያስገባም፤ የማጂኩ ውስጥ የገባ ዩጊዮ ደግሞ ሲበወዝ ይንሸራተታል።

ያገለገለ ካርድ ይዘው ለሚመጡ ሰዎች ያደራጀኸው ቦታ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ማጉያ መነጽሩን አስረህ አስቀመጥክልን፣ የት እንደምናይም አሳየኸን። በማጂክ ካርድ ጀርባ ካሉት አምስት ቀለም ክቦች አረንጓዴው ውስጥ አራት ቀያይ ነጥቦች እንደ «ኤል» ፊደል ተሰድረው ይታያሉ፤ አስመስለው ያተሙት ላይ ነጥቦቹ ወይ የሉም ወይ ተበትነዋል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካለ ወላጅ ካርድ እንዳይሸጥልን ያልከውም ተለጥፏል። የሚያብረቀርቁት ካርዶች በዚህ አገር ሰመር ለምን እንደሚታጠፉ ለጠየቃችሁን ደግሞ እነሆ መልሱ፦ ወረቀቱ እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ከላይ ያለው የብረት ሽፋን አይለጠጥም፣ ስለዚህ ይጎብጣል። እርጥበት መምጠጫውን ገዝቶ ከ40 እስከ 50 በመቶ ላይ ያስተካከለው ይኸው ወንድማችን ነው፤ ባልዲውን ማፍሰስ የእኛ ፋንታ ሆኗል።

የመክፈቻው ዕለት የማጂክ ድራፍት (ተጫዋቾች ፓኬት ከፍተው አንድ አንድ ካርድ እየመረጡ ቀሪውን የሚያቀባበሉበት ጨዋታ) ያለ እሱ አይታሰብም ነበር። 8 ሰው በአንድ ቡድን፣ ለእያንዳንዱ 3 ፓኬት (ውስጡ የትኛው ካርድ እንዳለ ሳይታወቅ የታሸገ)፣ በድምሩ 24 ፓኬት። ብዙ ቦታ የሚረሳው ፓኬቱ ሳይሆን የመሬት ካርዱ፣ ሌሎቹን ካርዶች ለመጫወት ኃይል የሚሰጠው፣ ነው። አንድ ሰው ባለ 40 ካርድ ደኩ (የሚጫወትበት የካርድ ስብስብ) ውስጥ ወደ 17 መሬት ያስገባል፤ 8 ሰው 136 ይፈልጋል። ሁሉም አንድ ቀለም ላይ ሊረባረብ ስለሚችል ልክ 136 ይዞ መጠበቅ አያዋጣም። እሱ ከአምስቱ የመሬት ዓይነት ስልሳ ስልሳ አድርጎ 300 አዘጋጅቶ ስለነበር ማንም ካርድ አጥቶ አልተነሳም። የአንዱ ዙር 50 ደቂቃ ሲሞላ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጊዜ!» ማለቱን ግን ሕፃን ያስተኙ እናቶች ይቅር ይበሉት።

እናቶች ካልን አይቀር፣ «ይሄ ነገር ቁማር ነው ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ለጠየቃችሁን እናመሰግናለን። ካርታ በብዙ ቤት ምን እንደሠራ እናውቃለን፣ ጥያቄው የሚያስቀይም አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ አይወጣም፤ ኮንከርም ቢሆን በነጥብ ብቻ ነው፤ ይህ በሁለቱም ቋንቋ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ፓኬት ከፍቶ ውድ ካርድ መመኘት ልጅን እንደሚይዝ ግን አንክድም። ስለዚህ ባንኮኒው ላይ ፓኬት ብቻ ሳይሆን ተዘጋጅቶ የሚሸጥ፣ ውስጡ ያለው ከውጭ ተዘርዝሮ የተጻፈ ደክም አስቀምጠናል። ለልጃችሁ የመጀመሪያ ከሆነ ከዚያ ይጀምር። ከጠየቃችሁ በኋላ ተቀምጣችሁ ካታን የሚባለውን የጠረጴዛ ጨዋታ እስከ መጨረሻው የተጫወታችሁት ሁለት እናቶች፣ በግ በስንዴ ስትለውጡ የነበረው ክርክር እስካሁን ይወራል።

ቡና ያፈላችሁልን እህቶች በሙሉ፣ ውለታችሁን ይመልስልን። ከሰሉና ዕጣኑ የጭስ መጠቆሚያውን እንዳያስጮኸው በኋላ በር በኩል ውጭ ማፍላታችሁ፣ ፈንዲሻውንም ከካርዱ ጠረጴዛ አርቃችሁ ማስቀመጣችሁ በጣም ጠቅሞናል። የፈንዲሻ ቅባት የነካው ካርድ ዋጋው ይወርዳል።

የዕቁባችን አባላት፣ ዕጣውን ስላስቀደማችሁልን እግዜር ይስጥልን። ጎረቤታችን ያለኸው ፀጉር አስተካካይ፣ ለመኪና ማቆሚያው እናመሰግናለን። ሕጎቹን ወደ አማርኛ የመለሳችሁ ተማሪዎች፣ ሳጥን ያወረዳችሁ፣ መስታወት ያጠባችሁ፣ ከሩቅ ደውላችሁ አይዟችሁ ያላችሁ በሙሉ፣ ተባረኩ።

ይቅርታ፣ ጋሼን ጨርሰናል ብለን ነበር። ወንበሮቹ ለምን እጅ ማስደገፊያ እንደሌላቸው ሳንናገር ልናልፍ ነው። ማስደገፊያ ያለው ወንበር ከጠረጴዛው ሥር አይገባም፤ ሰውየው ከጠረጴዛው ርቆ ይቀመጥና ከኋላው ያለውን መተላለፊያ ይዘጋል። በየእግሩ ሥር ወፍራም ጨርቅ የለጠፉትም ለአርባ ሰው ወንበር ድምፅ ብለው ነው። ጨርቁ ሲያልቅ የሚለጠፍ ትርፍ በካርቶን አድርገው ትተውልናል፣ ላዩ ላይም በእርሳስ «አትጣሉት» ብለው ጽፈውበታል።

ስማችሁን ያልጠራናችሁ ብዙ ናችሁ። ልባችን ያውቃችኋል፣ ብዕራችን ዘለላችሁ እንጂ፤ ይቅር በሉን። አንዱ ተጠርቶ ሌላው ቀረ የሚል ወቀሳ ካለም ሱቅ መጥታችሁ ውቀሱን፣ ቡና አለ።

በመክፈቻው ዕለት ዕቃ ረስታችሁ የሄዳችሁ፦ ሁለት ሰፌድ፣ አንድ ክዳኑ ሰማያዊ ፔርሙስ፣ አንድ ትልቅ ትሪና የልጅ ጃኬት ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጠዋል። ፔርሙሱ ታጥቧል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤቶችና ቤተሰቦቻቸው
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ