ፍትሕ በሽምደዳ አይገባም

ለአዘጋጁ፦

ስለ ግብረገብና ዜግነት ትምህርት ያወጣችሁት ጽሑፍ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ይሰጠው ይላል። ችግሩ የሰዓት አይመስለኝም። የቀድሞው የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ዜጋ መጽሐፍ 11 እሴቶች ነበሩት፤ ፍትሕ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነበረው። ተማሪው ትርጉሙን ሸምድዶ ፈተና ላይ ዘርግፎት ይወጣል፤ አለቀ። ያውም ኩረጃው ሳይቆጠር።

ጎጃም ውስጥ ግን ፍትሕ ቦይ ዳር አለ። መስኖ ባለበት ገበሬው የውኃ አባት ይመርጣል። ተራ የሚያወጡት፣ በሌሊት ቦይ ሰብሮ ውኃ የጠለፈውን የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። በጋ ላይ ውኃው ሲያንስ የላይኛው ማሳ ይቅደም ወይስ የታችኛው? ድንቹ ሊደርቅበት የደረሰውስ ተራውን ይጠብቅ? እዚህ ላይ የመጽሐፍ ትርጉም አያዋጣም፤ ማመዛዘን ይጠይቃል። ወንፈልም፣ ገበሬዎች በተራ እየተጋገዙ ጉልበት የሚበዳደሩበት፣ ያው ነው። የሰው ጉልበት በልቶ የቀረ ሰው፣ ለከርሞ ማን ይመጣለታል?

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች በየሴሚስተሩ አንድ የውኃ አባት ክፍል ድረስ ይጋብዙ። እሳቸው የገጠማቸውን ክርክር ያቅርቡ፤ ፍርዳቸውን ግን ለጊዜው ይያዙት። ተማሪዎች በቡድን ይፍረዱ፤ ምክንያታቸውንም ጽፈው ያስረክቡ። ከ100 ውስጥ 20 ማርክ ለዚሁ ይያዝ።

አንድ መምህር፣ ከምሥራቅ ጎጃም