ከጣርማ በር ማዶ ላላችሁት

የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጀርመን

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ለማሙሽና ለአዲሷ ሙሽራ ለእህቴ ለሚጣ፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ማሙሽ፣ ይህን ደብዳቤ ለእማዬ ጮክ ብለህ አንብብላት። እየዘለልክ እንዳታነብ፤ ስትዘል ታውቅብሃለች።

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር ልጨርስ። ሐሙስ ዕለት 45 ሺህ ብር በማሙሽ ስም ልኬያለሁ። ይህ ብር የሠርግ ዕዳ መክፈያ አይደለም። የድንኳንና የወንበር ኪራዩን ቀሪ ለብቻው በወሩ መጨረሻ እልካለሁ። ይሄኛው ለእማዬ ጉልበት ነው። ደብረ ብርሃን ትሂድና ራጅ ትነሣ። የታዘዘላትን መድኃኒት ሁሉ ግዙላት። በሚኒባስ ተጨናንቃ እንዳትሄድ፣ ኮንትራት ያዙላት። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሳትጠይቁ ግን እንዳትወጡ። ካልሆነ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ይሻላል።

አዎ፣ ሰምቻለሁ። የደበቃችሁኝ ፎቶው ላይ ወጣ። ሚጣ የላከችልኝን የሠርግ ፎቶ አንድ በአንድ አየሁት። ምኒልክ መስኮት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ የተነሣችሁትን አምስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁ። ቬሎው በነፋስ ተነሥቷል፣ ሚዜዎቹ ኮታቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ ከኋላ ገደሉ ቁልቁል ይታያል። ጭላዳዎቹ እንኳ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሣራቸውን ይነጫሉ። እማዬ ግን የለችም። ፎቶውን አጎላሁት፣ አሁንም የለችም። ማሙሽን ስጠይቀው «ብርድ ስለነበር ቤት ቀረች» አለኝ። ማሙሽ፣ እማዬ ከመቼ ወዲህ ነው ብርድ የምትፈራው? ሌሊት በአሥር ሰዓት እየተነሣች እሳት ስትለኩስ የኖረች ሴት ነች። ከዚያ አክስቴ ጋ ደወልኩ። እሷ አልቻለችም፣ ነገረችኝ። ከመስከረም ጀምሮ በከዘራ እንደምትሄድ፣ ዳገት እንደማትወጣ፣ የቆሎ መሸጫ ቦታዋንም ለጎረቤት ልጅ እንደለቀቀች።

እማዬ፣ አልተቆጣሁም። አምስት ወር ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁ ሰው ምን ብዬ እቆጣለሁ? መስመሩ እምቢ አለኝ ብያችሁ ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ ስደውል የማይገባበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሌላው ግማሽ ግን እኔ ነኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ጉዳይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ሥራም ቀይሬ ነበር። ድምፄን ከሰማሽ እንደምታውቂብኝ ስለማውቅ «ነገ ይሻለኛል፣ ነገ እደውላለሁ» እያልኩ ወሩ ሄደ። አሁን ወረቀቱ ተስተካክሏል። ሥራውም ቀላል ነው፣ ዕቃ መደርደር ነው። የሌሊት ስለሆነ ክፍያው ጥሩ ነው። እንቅልፌን ቀን እተኛለሁ። በደንብ እበላለሁ። ስለኔ አታስቢ።

አሁን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ነገር ልንገራችሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የቋንቋ መምህርታችን የቤት ሥራ ሰጠችን። እያንዳንዳችን የትውልድ ቦታችንን የሚወክል አንድ ነገር በፎቶ ይዘን እንድንመጣና አምስት ደቂቃ እንድንናገር። ለኔ ሳልጠይቃት «አንተማ ላሊበላ አለህ» አለችኝ። ልቧ ጥሩ ነው፣ ልትረዳኝ ፈልጋ ነው። ላሊበላ የሁላችንም ነው፣ እሱን አልክድም። ግን እኔ ላሊበላን በእግሬ ረግጬው አላውቅም። ስለማላውቀው ድንጋይ ከማወራ ስለማውቀው ጭቃ ባወራ ይሻለኛል አልኩ።

ማታ ቤት ስገባ ነገሩን ለልጆቹ አነሣሁት። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ የመንዝ ልጅ ነው፣ የመሐል ሜዳ። ምግብ ልታበስልልን የመጣች አንዲት የምንጃር ልጅም ነበረች። ያን ማታ የተነሣው ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አልበረደም።

የመንዙ ልጅ «ጓሳ እያለ ምን ያስጨንቅሃል!» አለ። ሲያወራ ዓይኑ በራ። የጓሳን ሣር አባቶቹ ቀሮ በሚባል የጥበቃ ሥርዓት 400 ዓመት ያህል እንደጠበቁት፣ ለዓመታት ተዘግቶ ሲደርስ ብቻ ተከፍቶ እንደሚታጨድ፣ የቤቱ ክዳንም ገመዱም ከሱ እንደነበር ነገረን። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈርሶ ሕዝቡ እንደገና በራሱ ማኅበር እንዳቆመው ሲናገር እጁን ጠረጴዛው ላይ መታ። «ሣሩ ባይኖር አይጡ የለም፣ አይጡ ባይኖር ቀይ ቀበሮው የለም» አለ። እኔ ከመንዝ በጉንና ከፀጉሩ የሚሠራውን ዝተት ብቻ ነበር የማውቀው፤ ያን ማታ ልጁን አከበርኩት።

የምንጃሯ ልጅ ደግሞ ጤፏን አመጣች። ሸንኮራ ዮሐንስን ስትጠራ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። ልጅ ሆና ታማ እናቷ አዝላት ጠበሉ ድረስ ሄዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ጤፉ አልተከራከረችም። ሽንኩርቱን መክተፍ ቀጠለች።

እኔም ዝም አላልኩም። አንኮበርን ጠራሁ፣ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ብዬ። አንጎለላን ጠራሁ። ምኒልክ እዚያ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. መወለዳቸውን ከነቀኑ ስናገር ሁለቱም ሳቁብኝ። ዘርዐ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ደብረ ብርሃንን መመሥረታቸውን ነገርኳቸው። በዚያን ዘመን፣ በፈረንጆቹ 1456፣ ትልቅ ጅራታም ኮከብ መታየቱን መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበርና እሱንም ጨመርኩበት። የመንዙ ልጅ ተነሥቶ አልጋዬ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አምጥቶ ጭኔ ላይ ጣለው። «በቃ ይሄን ይዘህ ሂድ» አለኝ። እማዬ፣ ስሄድ በግድ ሻንጣዬ ውስጥ የከተትሽው የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ነው። ይከብዳል ብዬ ተጣልቼሽ ነበር። እዚህ ቤቱ ማሞቂያ አለው፣ አያስፈልገኝም ነበር። ግን ከሱ ውጪ ተኝቼ አላውቅም።

በመጨረሻ የመረጥኩት ዋሻውን ነው። የጣርማ በርን ዋሻ።

ሚጣ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ለኛ ዋሻው መንገድ ነው፣ ማን ፎቶ ያነሣዋል? ግን አስቢው። ከደብረ ብርሃን ስንመለስ አውቶቡሱ ዋሻው ውስጥ ሲገባ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ሾፌሩ መብራት ያበራል። ከላይ የሚንጠባጠበው ውኃ ጣራውን ጠብ፣ ጠብ ያደርገዋል። እማዬ ታማትብና ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ታጣፋለች። ወዲያ ማዶ ፀሐይ ነበር፤ ወዲህ ስንወጣ ጉሙ መስኮቱ ላይ ይለጠፋል፣ የፊት መኪናው አይታይም። ያኔ እማዬ «ደረስን» ትላለች። ደብረ ሲና ለመግባት ገና ያ ሁሉ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይቀራል። ለሷ ግን ደርሰናል። እኔ እስከ ዛሬ ቤት መድረስ ማለት ያ ጉም ፊቴን ሲመታኝ ነው።

ከክፍሉ ፊት ቆሜ ፎቶውን አሳየሁ። 587 ሜትር ይረዝማል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው ሁሉ በዚህ ነው ያለፈው አልኩ። መምህርቷ «ማን ሠራው?» አለችኝ። ጣልያን በወረራው ጊዜ አልኳት። አንዱ ከኋላ «ታዲያ የናንተ አይደለማ፣ የቅኝ ገዢዎቻችሁ ነው» አለ። ደሜ ፈላ። በዚያች በተሰባበረች ጀርመንኛዬ አምስት ዓመት ወረሩን እንጂ አልገዙንም፣ አርበኞቻችን ከነዚያ ተራሮች ላይ አልወረዱም አልኩ። አያቴ እዚያ ድንጋይ ተሸክመዋል። «ካርታው የነሱ ነው፣ ድንጋዩ የኛ፣ ትከሻውም የኛ» ይሉ ነበር። እማዬ፣ ይህን ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አባትሽን እንዲህ ሰው ፊት ጠርቻቸው አላውቅም ነበር።

መምህርቷ ነገሩን ለማብረድ ይመስለኛል «ቤትህስ የት ጋ ነው?» አለችኝ። ፎቶው ላይ የለም። ፎቶው የዋሻውን አፍ ብቻ ነው የሚያሳየው። ጠመኔ አንሥቼ ከፎቶው በታች ሰሌዳው ላይ ቁልቁለቱን ሣልኩ። ኩርባውን፣ የወፍ ዋሻን ጫካ፣ ከዚያ ከተማውን፣ ከዚያ አውቶቡስ የሚቆምበትን። እዚያ ላይ አንዲት ጃንጥላ ሣልኩ። ምንድን ነው ሲሉኝ ቆሎ አልኳቸው።

አምስቱ ደቂቃ አልቆ ነበር፣ ግን አላስቆመችኝም። ሰነፍ ቆሎ የሚባል ገብስ አለን፣ ገለባውን ቶሎ ይለቃል አልኩ። ይሸከሸካል፣ ይነፋል፣ ምጣዱ ሲግል ይጨመራል። መጀመሪያ ድምፅ የለውም። ከዚያ አንዷ ፍሬ ጠሽ ትላለች፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። ያኔ እጅሽን ካዘገየሽ ያርራል። እማዬ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው አንድ ፍሬ በጥርሷ ትሰብርና ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠዋለች። ከዚያ ሱፉን ትቀላቅላለች። አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት ጣሳዋን ታቀርባለች፣ ሁልጊዜም ከሰፈረችው ላይ አንድ እፍኝ ትመርቃለች። በዚያች ጣሳ ነው ትምህርት ቤት የገባሁት። ይህን ለፈረንጅ ስናገር አላፈርኩም። ልጅ ሆኜ ግን አፍሬ ነበር፣ እማዬ። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ፣ የክፍሌ ልጆች የተሳፈሩበት አውቶቡስ ሲቆም እንዳያዩኝ ከሱቅ ጀርባ የተደበቅኩ ቀን አይተሽኛል። ምንም አላልሽኝም። ማታ እራቴን ሰጠሽኝ። ይቅር በይኝ።

የሠርጉ ፎቶ የደረሰኝ በዚያው ሳምንት ነው።

ሚጣ፣ ጥር 18 ሥራ ነበርኩ። ፈቃድ ጠይቄ አልተሰጠኝም። በዕረፍት ሰዓቴ ማሙሽ የላከውን ቪዲዮ ዕቃ መደርደሪያው ጀርባ ቆሜ ከፈትኩት። እልልታው ሲቀልጥ ድምፁን ቀነስኩት፣ መልሼ ጨመርኩት። ጉልበት ስትስሚ አባባ ሊቀመጡበት በሚገባው ወንበር ላይ አጎታችን ተቀምጠው አየሁ። እሳቸውን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ግን አባባ ከሌሉ እዚያ መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የወንበሩንና የድንኳኑን የምከፍለው እኔ ነኝ ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ባልሽን በስልክ አነጋግሬዋለሁ፣ ትሑት ልጅ ነው፣ «ጋሼ» ሲለኝ ደስ አለኝ። ቤታችሁ ይሙቅ፣ ይድራ። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ። ባልሽ ቤት ገባሁ ብለሽ እማዬን እንዳትርቂያት። ሦስት ሰፈር ነው ያለው። እኔ ከዚህ ልረዳት የምችለው በገንዘብ ብቻ ነው።

እማዬ፣ ዳግመኛ ስታመሚ አትደብቂኝ። እኔም አልደብቅሽም። በየእሑዱ እደውላለሁ፤ መስመሩ እምቢ ካለ በድምፅ መልእክት እልካለሁ፣ ማሙሽ ያሰማሻል። ዓቢይ ጾም በሚቀጥለው ሳምንት ይገባል። መድኃኒት እየወሰድሽ በባዶ ሆድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዳትቆዪ። ንስሐ አባትሽን አማክሪያቸው፣ ይፈቅዱልሻል። «እሺ» ብለሽ እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው ማሙሽ ፊት የምጽፈው።

ማሙሽ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። አንድ ቀን ጧት ጉሙ ሳይነሣ ውጣና እማዬ ትቀመጥበት የነበረውን ቦታ ከነጃንጥላው አንሥተህ ላክልኝ። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ የሣልኩትን በስልኳ አንሥታ «እውነተኛውን አሳየኝ» ብላኛለች። ራጁ ሲነሣም ወረቀቱን እንዳለ ፎቶ አንሥተህ ላክ፣ ምንም እንዳትቀንስ።

ሚያዝያ ላይ አንድ የማውቀው ሰው ከአዲስ አበባ ወደዚህ ይመለሳል። ከቻላችሁ አንድ ኪሎ ሰነፍ ቆሎ ላኩልኝ። እማዬ እሳት ዳር እንዳትቀመጥ። ሚጣ ትቁላው፣ እማዬ ወንበር ላይ ሆና ድምፁን ታዳምጥላት። ቢያርርም ግድ የለም፣ እበላዋለሁ።

ናፋቂ ልጅሽ