ስቲከር ጥፍር ስትለጥፉ ፎኑን (የፀጉር ማድረቂያውን) በልክ

ሰላም እህቶች፣ ስቲከሩ በማግስቱ ጫፉ ይነሳብናል የምትሉ በዝታችኋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቅባት ነው። መጀመሪያ ጥፍሩን በአሴቶን ጥረጉት። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ጠርሙሱን ከድናችሁ አርቁ፣ ጥፍሩም ደህና አድርጎ ይድረቅ። ፎን የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ፎኑን ዝቅተኛው ላይ አድርጋችሁ ስቲከሩን ለጥቂት ሰከንድ አሙቁት። ለስለስ ሲል ከሥሩ ጀምራችሁ ወደ ጫፍ ሳብ እያደረጋችሁ ለጥፉ። ቆዳ እንዳይነካ ትንሽ ክፍተት ተዉ። ጎን ላይ እጥፋት ከቀረ ደግማችሁ አሙቁና በጣት ጫን በሉት። ፎኑን በጣም ካስጠጋችሁት ግን ፕላስቲኩ ይኮማተራል። ደንበኛዋ «አቃጠለኝ» ካለች ወዲያው አቁሙ፤ «ትንሽ ቻይው» ብሎ ነገር የለም!

ጄል ስቲከር ለየት ይላል፤ እሱን የሚያደርቀው ፎን ሳይሆን የዩቪ መብራት ነው።